«በየማታው ኩኪ አጥፉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በየማታው ኩኪ አጥፉ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ኩኪ ስልክዎ ውስጥ ገብቶ ፋይልዎን የሚያነብ ሰላይ ፕሮግራም ነው፤ የይለፍ ቃልዎን ይሰርቃል፤ ስልክዎን ያንቀራፍፋል፤ መድኃኒቱ በየማታው ጠራርጎ ማጥፋት፣ ካልሆነም ጭራሽ መከልከል፣ ወይም በኢንኮግኒቶ (የጎበኙትን በማያስቀምጥ የብራውዘር መስኮት) መጠቀም ነው፤ ድረ ገጾች «ይቀበላሉ?» እያሉ የሚያመጡት ጥያቄ ለይስሙላ ስለሆነ «እቀበላለሁ» ብሎ ማለፍ ነው፤ ደግሞም የጉግል ብራውዘር የሆነው ክሮም የሦስተኛ ወገን ኩኪን (ከከፈቱት ድረ ገጽ ሌላ የሆነ ድርጅት የሚያስቀምጠውን) ስላስቀረ ክትትሉ ሊያበቃ ተቃርቧል። ጸሐፊው ስለ ክትትል መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ምክራቸው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኗል።

ከመጀመሪያው እንነሣ፤ «ሰላይ ፕሮግራም ነው» ከሚለው። ኩኪ ፕሮግራም አይደለም፤ ጽሑፍ ነው፣ ያውም አጭር። ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ገጹን ሲልክልዎ «ይህንን ያዝልኝ» የሚል አንድ መስመር አብሮ ይልካል። ብራውዘሩ ያስቀምጠውና ወደዚያው ሰርቨር በተመለሰ ቁጥር መልሶ ያሳየዋል። በቃ ይኸው ነው። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1994 ያመጣው ከቀደምት ብራውዘር ሠሪዎች አንዱ በሆነው በኔትስኬፕ መሐንዲስ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ሲሆን፣ መነሻው ድረ ገጽ በተፈጥሮው ረሺ መሆኑ ነው። ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሲያልፉ ሰርቨሩ ያው የቅድሙ ሰው መሆንዎን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ቅርጫት ውስጥ የከተቱት ዕቃ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ይጠፋ ነበር።

ማየት ማመን ነውና አንዱን ከፍተን እንየው። በኮምፒውተር ክሮም ላይ አንድ ድረ ገጽ ከፍተው ኤፍ12ን ይጫኑ፤ ከሚመጡት ትሮች «አፕሊኬሽን» የሚለውን፣ ከሥሩ ደግሞ «ኩኪስ»ን ይምረጡ። ሠንጠረዥ ይመጣል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ኩኪ ነው። መጀመሪያ ስሙ አለ፤ ቀጥሎ ይዘቱ፣ ብዙውን ጊዜ ለሰው ዓይን ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር። «ዶሜይን» የማን እንደሆነ፣ «ኤክስፓየርስ» መቼ እንደሚያበቃ ይነግርዎታል፤ በቀን ፈንታ «ሴሽን» ከተጻፈ ብራውዘሩ ሲዘጋ እንዲጠፋ የተሰጠ ነው። «ኤችቲቲፒ ኦንሊ» የሚለው ዓምድ ምልክት ካለበት ገጹ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ሊያነበው አይችልም፤ «ሴኪዩር» ካለበት ባልተመሰጠረ መስመር አይላክም። «ሴምሳይት» ደግሞ ከሌላ ድረ ገጽ በተነሣ ጥያቄ ላይ ኩኪው አብሮ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስናል። የፎቶ ማኅደርዎን ከፍቶ የሚያይ ነገር እዚያ የለም፤ ኩኪ የሚሄድ የሚመጣ እንጂ የሚሠራ ነገር አይደለምና።

ሻንጣ አስረክበው የሚቀበሉትን ቁጥር ያስቡ፤ ኩኪም እንደዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ላይ ስለ ሻንጣው ምንም አልተጻፈም። ሻንጣውም መዝገቡም ያሉት ሰጪው ዘንድ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚሳሳተው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ስለሚያምታታ ነው፤ ቁጥሩን የቀደደ ሰው መዝገቡንም ያቃጠለ ይመስለዋል።

«የይለፍ ቃልዎን ይሰርቃል» የሚለው ግማሽ እውነት ስላለው ሰፋ አድርገን ማየት አለብን። በወጉ የተሠራ ድረ ገጽ የይለፍ ቃልን ኩኪ ውስጥ አያስቀምጥም። አንድ ጊዜ የይለፍ ቃሉን አስገብተው ሲገቡ ሰርቨሩ የመግቢያ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ከዚያ በኋላ ብራውዘርዎ የሚያሳየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ኩኪው አይሰርቅም፤ የሚሰረቀው ራሱ ኩኪው ነው። ይህ ደግሞ ጸሐፊው ካሰቡት የባሰ ነው፤ ቁጥሩን የያዘ ሌባ የይለፍ ቃሉንም በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድም አይጠየቅም፤ በሩ ቀድሞ ተከፍቷልና። እ.ኤ.አ. በ2010 ፋየርሺፕ የተባለ፣ ፋየርፎክስ በሚባለው ብራውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም ወጥቶ፣ በክፍት ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የጎረቤቱን የመግቢያ ኩኪ ለቅሞ በስሙ መግባት እንደሚችል በአንድ ጠቅታ አሳይቶ ነበር። ድረ ገጾች መስመራቸውን በሙሉ ወደ ማመስጠር ከገፏቸው ነገሮች አንዱ ያ ነው። አሁን ሌባው መንገድ ቀይሯል፦ ኢሜይል ላይ ውል ወይም ሰነድ መስሎ የሚመጣ ፋይል ሲከፈት ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ኩኪዎች ጠቅልሎ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2023 ላይነስ ቴክ ቲፕስ የተባለው ትልቅ የዩቲዩብ ቻናል የተጠለፈው እንዲሁ ነው።

ታዲያ ኩኪው ከተሰረቀ በኋላ እርስዎ የራስዎን ቢያጠፉ ምን ይፈይዳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያጠፉት የእርስዎን ቅጂ ነው፤ የሌባው ቅጂ ግን ሰርቨሩ ዘንድ ያለው መዝገብ እስካልተሰረዘ ድረስ ይሠራል። መዝገቡ የሚሰረዘው ከአካውንት ሲወጡ ነው፤ ማለትም «ሎግ አውት» ሲሉ። ስልክ ከጠፋብዎ፣ ሰው ኮምፒውተር ላይ ገብተው ሳይወጡ ከረሱ፣ ወይም የማይታመን ፋይል ከፍተው ከተጠራጠሩ፣ በመጀመሪያ ንጹሕ መሆኑን ወደሚያውቁት ሌላ መሣሪያ ይሂዱ። ወደ አካውንትዎ የደኅንነት ገጽ ገብተው የገቡባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ያውጡና የማያስፈልጉትን፣ ከተጠራጠሩም ሁሉንም ያስወጡ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። አንዳንድ ድረ ገጽ የይለፍ ቃል ሲቀየር ሌሎቹን መሣሪያዎች በራሱ ያስወጣል፤ ሁሉም ግን ስለማያደርገው ማስወጣቱን ለብቻው ይፈጽሙት። እዚያው የተበከለው ኮምፒውተር ላይ ሆነው ቢቀይሩ አዲሱም ኩኪ ተከትሎ ይሄዳል።

«ስልክ ያንቀራፍፋል» ለሚለው ብዙ ቃል አያስፈልግም። አንድ ኩኪ ከ4 ኪሎ ባይት ገደማ አይበልጥም። ክሮም ለአንድ ዶሜይን የሚይዘው ቢበዛ 180 ነው፤ ሁሉም ጢም ብለው ቢሞሉ እንኳ 720 ኪሎ ባይት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። ጸሐፊው የስልክ ማከማቻ ሲጣበብ ያዩት ምናልባት ካሽ ይሆናል፤ ማለትም ገጹ ድጋሚ ሲከፈት እንዳይወርድ የሚቀመጡ ምስሎችና ፋይሎች። ማጥፊያው ገጽ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሰው ያምታታቸዋል። ካሽን በየቀኑ ማጥፋት እንዲያውም ገጾቹን እንደ አዲስ ስለሚያስወርድ ዘገምተኛ ያደርጋቸዋል፣ ዳታም ይበላል። ኩኪ በእርግጥ ችግር የሚፈጥርበት አንድ ቦታ አለ፦ አንድ ድረ ገጽ ኩኪ ሲያከማች ሲያከማች ብራውዘሩ ገጹን ሲጠይቅ አብሮ የሚልከው መስመር ከልክ ያልፍና ሰርቨሩ ስህተት 400 ብሎ ይመልሰዋል፤ ወይም ያረጀ የመግቢያ ኩኪ ገጹን ከመግቢያ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ መግቢያ ያመላልሰውና «ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ» የሚል ይመጣል። መፍትሔው የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ ብቻ ማጥፋት ነው፤ የሌሎቹ አይነካም።

ይህ ወደ ዋናው ምክር ያመጣናል፤ በየማታው ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ማጥፋቱ። ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው፦ በየማታው የሚያጠፋ ሰው በየማለዳው አዲስ ቁጥር ስለሚሰጠው ለወራት የሚዘልቅ ክትትል ይቋረጥበታል። ዋጋው ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። ከሁሉም አካውንት ይወጣሉ፤ በየቀኑ የይለፍ ቃል መጻፍ የሰለቸው ሰው ደግሞ ቀላል ቃል ይመርጣል፣ የመግቢያ ገጽ ባየ ቁጥር አድራሻውን ሳያይ መጻፍም ይለምዳል፤ አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ልማድ ነው። «ይህን መሣሪያ አስታውስ» ያሉት ምልክትም ስለሚጠፋ ኮድ በየጊዜው ይጠየቃሉ። ከሁሉም የሚገርመው፣ «አልቀበልም» ብለው የመለሱት መልስም የሚቀመጠው በኩኪ ነው። ስለዚህ በየማታው ያጠፋ ሰው ያንኑ ጥያቄ በየማለዳው እንደ አዲስ ይጠየቃል፤ አንድ ቀን ሰልችቶት «እቀበላለሁ» እስኪል ድረስ።

ደግሞ ብዙ ሰው አጠፋሁ ሲል አላጠፋም። የክሮም ማጥፊያ ሲከፈት የጊዜ ገደቡ በራሱ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ወይም የመጨረሻውን አንድ ሰዓት መርጦ ሊጠብቅ ይችላል። ወደ «ኦል ታይም» ካልቀየሩት የዓመቱ ክምችት እንዳለ ይቀመጣል። የጉግል አካውንትዎን ከክሮም ጋር ካያያዙት ደግሞ ኩኪ ጠፍቶም ከጉግል አይወጡም፤ ይህን ብራውዘሩ ራሱ እዚያው ላይ ጽፎታል።

እንግዲህ መለየት የሚገባው ማን እንደሰጠው ነው። የዜና ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩት ሁሉ ከዜናው ሰርቨር የመጣ አይደለም፤ ማስታወቂያው ከማስታወቂያ ድርጅት፣ ቪዲዮው ከሌላ፣ የ«ላይክ» ቁልፉ ከሌላ ሊመጣ ይችላል። ብራውዘሩ ማስታወቂያውን ሊያመጣ ሲሄድ ድርጅቱ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። በማግስቱ የጫማ መሸጫ ገጽ ከፍተው ያው ድርጅት እዚያም ማስታወቂያ ካለው፣ ብራውዘሩ የትናንቱን ቁጥር ያሳየዋል፤ ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣም ይናገራል። በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ላይ ያለ ድርጅት በዚህ መንገድ የእርስዎን ውሎ ይገጣጥማል። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይህ ነው፤ መዘጋት ያለበትም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ይዘጋሉ እንጂ በየማታው አይደክሙም።

በክሮም «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ» ገብተው መከልከያውን ይምረጡ። የአይፎን ብራውዘር የሆነው ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይጠየቅ ይከለክላቸዋል። ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ማስቀመጫ ይሰጣል፦ ማስታወቂያ ድርጅቱ ቁጥር መስጠቱን ቢሰጥም፣ ዜና ገጹ ላይ የሰጠውን ጫማ መሸጫው ላይ አያየውም። ከከለከሉ በኋላ አንዳንድ ነገር ሊሰናከል ይችላል፤ በገጹ ውስጥ ተከፍቶ የሚሠራ የክፍያ መስኮት፣ በሌላ አካውንት መግቢያ፣ አስተያየት መስጫ ሣጥን። ያኔ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ መፍቀድ ይቻላል፤ የአድራሻው መስመር ላይ ያለውን ምልክት ነክተው።

የአንድን ድረ ገጽ ኩኪ ለይቶ ለማጥፋትም መንገዱ ያው ነው፦ ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ይንኩ፣ «ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዳታ»ን ይክፈቱ፣ ያጥፉ። በአይፎን ሳፋሪ በሴቲንግስ ውስጥ የሳፋሪን ክፍል ከፍተው «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ዌብሳይት ዳታ» ሲገቡ ዝርዝሩ ይመጣል። «እኔ የግድ ማጥፋት አለብኝ» ለሚል ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚመቸው የኮምፒውተሩ ፋየርፎክስ ነው፤ ሲዘጋ ኩኪ በራሱ እንዲጠፋ ያዝዙታል፣ «ማኔጅ ኤክሴፕሽንስ» በሚለው ውስጥ ደግሞ የሚፈልጓቸውን አራት አምስት ድረ ገጾች ያስገባሉ። የእነሱ ይቀራል፤ የቀረው ይጸዳል። ጸሐፊው የፈለጉት ውጤት ያለ ጸሐፊው ድካም ይገኛል ማለት ነው።

«ጭራሽ ይከልክሉ» የሚለውን የሞከረ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ይተወዋል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ሰርቨሩ ይቀበለዋል፤ ቁጥር ይሰጣል፤ ብራውዘሩ አልይዝም ይላል፤ ቀጣዩ ገጽ ሲከፈት ሰርቨሩ ማን እንደሆኑ አያውቅምና ወደ መግቢያው ይመልስዎታል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሌ ተበላሸ ብሎ ይቀይራል፤ አሁንም ያው ነው። «መግባት አቃተኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥም በመጀመሪያ መታየት ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ማብሪያ ነው።

ኢንኮግኒቶን በተመለከተ፦ መስኮቱ ባዶ ማስቀመጫ ይዞ ይከፈታል፣ ሲዘጋም ያጠፋዋል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ በክሮም ላይ የሦስተኛ ወገን ኩኪንም እንዲሁ ይከለክላል። ግን ሦስት ነገር ይታወቅ። የተከፈቱ የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ አንድ ማስቀመጫ ይጋራሉ፤ የመጨረሻው ካልተዘጋ አይጠፋም፣ ስልክ ላይ ደግሞ ትሩ ለሳምንታት ተከፍቶ ሊቆይ ይችላል። ውስጡ ሆነው አካውንትዎን ከከፈቱ ማንነትዎን በራስዎ አፍ ተናግረዋል። ደግሞም የኢንተርኔት አቅራቢዎም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎ ኔትወርክ የትኞቹን ድረ ገጾች እንደከፈቱ ከማወቅ የሚያግዳቸው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጉግል በኢንኮግኒቶም ውስጥ መረጃ ይሰበስባል ተብሎ የቀረበበት ክስ በ2024 በስምምነት ሲጠናቀቅ፣ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠር የተሰበሰበ መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። ሰላማዊ መስሎ የታየው መስኮት ምን ያህል ያሳልፍ እንደነበር ከዚህ ይገመታል።

«ጥያቄው ለይስሙላ ነው፣ እቀበላለሁ ብለው ይለፉ» የሚለው ምክር ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንባቢውን በእጁ ያለውን ነገር ያስጥለዋል። ጥያቄው የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2009 የተሻሻለው መመሪያ፣ ቀጥሎም ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ። ለመግቢያ፣ ለግዢ ቅርጫትና ለመሳሰሉት የግድ የሚያስፈልግ ኩኪ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ስለዚህ «አልቀበልም» ቢሉ ገጹ ይበላሻል የሚለው ፍርሃት ውሃ አያነሳም፤ የሚያስቀሩት የጎብኚ መለኪያና የማስታወቂያ ኩኪ ብቻ ነው። በጥቅምት 2019 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወስኗል። በጥር 2022 ደግሞ የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ፤ ጥፋታቸው መቀበል በአንድ ጠቅታ ሆኖ እምቢ ማለት ብዙ ጠቅታ እንዲፈልግ ማድረጋቸው ነበር። ለይስሙላ የሆነ ነገር ይህን ያህል አያስቀጣም።

ማታለያው የት እንዳለ ማወቅ ግን ይጠቅማል። «አልቀበልም» የሚለው የደበዘዘ ግራጫ ሆኖ፣ ወይም «ማኔጅ ኦፕሽንስ» ከሚል ቃል ጀርባ ተደብቆ ይገኛል። ገብተው ሁሉም ማብሪያ ጠፍቶ ካዩ አይቸኩሉ፤ «ሌጂቲሜት ኢንተረስት» (ድርጅቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ «ተገቢ ጥቅም አለኝ» የሚልበት) የሚል ሌላ ትር ካለ እዚያ ያሉት ማብሪያዎች በርተው ሊጠብቁዎት ይችላሉ፤ እነሱንም ያጥፉ። ሲጨርሱ ደምቆ የሚታየውን «አክሴፕት ኦል» ሳይሆን «ሴቭ» ወይም «ኮንፈርም» የሚለውን ይንኩ፤ ሁሉንም አጥፍቶ በመጨረሻ የተሳሳተውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ብዙ ነው። ጸሐፊው እውነት የሚኖራቸው፣ አንዳንድ ገጽ መልስዎን ሳይጠብቅ ኩኪውን አስቀድሞ ያስቀምጣል ካሉ ነው። ይህን በራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፦ አዲስ የኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍተው፣ ጥያቄውን ሳይነኩ፣ ቅድም ያየነውን ሠንጠረዥ ይክፈቱ። የመለኪያ ወይም የማስታወቂያ ኩኪ ከወዲሁ ካለ ጥያቄው በእርግጥም ጌጥ ነው።

«ክሮም የሦስተኛ ወገን ኩኪን አስቀርቷል» የሚለው በቀላሉ ስህተት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በሁለት ዓመት ውስጥ አስቀራለሁ ብሎ ነበር፤ ደጋግሞ አራዘመ፤ በጥር 2024 ከተጠቃሚዎቹ 1 በመቶው ላይ ሞከረ፤ በሐምሌ 2024 ዕቅዱን ትቶ ተጠቃሚው ራሱ ይምረጥ አለ፤ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ምርጫውን በልዩ መስኮት እንደማያቀርብ አሳወቀ። ስለዚህ እርስዎ ገብተው ካልዘጉት ክፍት ነው። ቢዘጋስ ክትትል ያበቃል? የገጹ የራሱ ኩኪም ይቆጥራል። የጎብኚዎችን ብዛትና ውሎ የሚለካው የጉግል አናሊቲክስ ኩኪ የሚጠይቀው ዕድሜ 2 ዓመት ነው፤ ክሮም ከ400 ቀን በላይ አይሰጠውም፣ ሳፋሪ ደግሞ በስክሪፕት የተቀመጠ ከሆነ ወደ 7 ቀን ያወርደዋል፤ ነገር ግን ሰው በተመለሰ ቁጥር ቀኑ ይታደሳል። ከኩኪ ውጭም የስክሪን መጠን፣ የፊደል ዓይነቶች፣ የሰዓት ክልልና ብራውዘሩ ሥዕል የሚሥልበት መንገድ ተደማምረው መሣሪያውን እንደ ጣት አሻራ ያስለዩታል። በኢሜይል አድራሻ ሁለት ቦታ ከተመዘገቡ ደግሞ ሁለቱ መዝገቦች ለመገናኘት ኩኪ አያስፈልጋቸውም።

ጽሑፉ ስለ ስልክ እያወራ ያላነሣው አንድ ነገር ይቀራል። ፌስቡክ ወይም ሌላ አፕ ውስጥ ሊንክ ነክተው አፑ ውስጥ የሚከፈተው ገጽ ብዙ ጊዜ የአፑ የራሱ ብራውዘር ነው፤ የራሱ የኩኪ ማስቀመጫ አለው። ክሮምን ሌሊቱን ሙሉ ቢያጸዱ አይነካውም። ገጹ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው በዋናው ብራውዘር ይክፈቱት፤ ያኔ የዘጉት ነገር ይሠራል። አፖቹ ራሳቸው ማስታወቂያን የሚያያይዙት ደግሞ በኩኪ ሳይሆን በስልኩ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር ነው፤ አንድሮይድ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ ወደ «ፕራይቨሲ»፣ ከዚያ ወደ «አድስ» ገብተው «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ» ይበሉ። አይፎን ላይ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ትራኪንግ»ን ከፍተው አፖች እንዳይጠይቁ ማብሪያውን ያጥፉ።